«እረኛው የት ቀረ?» ለትንንሽ ልጆች ስለሚነገር የጨዋታና የቁም ነገር ግጥም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የ5 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ራስና እግሩ የማይታወቅ ግጥም ይዛ ትመጣና ቀኑን ሙሉ እሱኑ ስትደጋግም ትውላለች። እናቴ ደግሞ አባቴ ካረፈ ወዲህ ከመንዝ መጥታ ከእኛ ጋር ናት። ቡና ስታፈላ "ከብቱ ተመለሰ፣ በጉም ገባ ማታ፤ እረኛው ብቻ ነው የቀረ በዝምታ" እያለች ታንጎራጉራለች። ልጄ ይህንን ይዛዋለች፤ ማታ መብራት ሳጠፋ "እማዬ፣ እረኛው የት ቀረ?" ትለኛለች። አንዱ ግጥም ፍሬ የለውም፣ ሌላው ለልጅ ይከብዳል። እናቴን ዝም ላሰኛት? ልጄንስ የትኛውን ዓይነት ግጥም፣ በስንት ዓመቷ ላስተምራት?»

ምላሽ፦

እናትዎን ዝም አያሰኟቸው። የቀረውን ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ይህኛው ግን ለዛሬው ቡና መድረስ ስላለበት ነው ፊት ያመጣሁት።

ከትንንሽ ልጆች ጋር 27 ዓመት ኖሬአለሁ፤ መጀመሪያ በመምህርነት፣ በኋላም መምህራንን በማሠልጠን። እርስዎ ያነሡት ጥያቄ በልዩ ልዩ መልክ ሲመላለስብኝ ቆይቷል። መልኩ ይለያይ እንጂ ከሥሩ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፦ ግጥም ሁለት ጎተራ አለው፣ በአንዱ የልጅ ጨዋታ፣ በሌላው የአዋቂ ቁም ነገር ተከቷል፣ ወላጅም ከየትኛው መቼ እንደሚሰፍር ማወቅ አለበት የሚል። እኔ ይህ አከፋፈል ከቤታችን የወጣ አይመስለኝም። በቤታችን ያለው ጎተራ አንድ ነው፤ ገብሱም ባቄላውም ተቀላቅሎ የተቀመጠበት።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእንቁጣጣሽ ዕለት ማለዳ አደይ አበባ ይዘው በርዎን የሚያንኳኩትን ልጃገረዶች ያስታውሱ። ታላቋ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ታናሿ እንደ እርስዎ ልጅ አምስት። አውጪዋ «አበባ አየሽ ሆይ» ትላለች፣ ተቀባዮቹ «ለምለም» ይላሉ። እንዲህ እያሉ እንጨት ሰብሮ ቤት መሥራት ላይ ይደርሱና ይህ ይከተላል፦

እንኳን ቤትና የለኝም አጥር፣
እደጅ አድራለሁ ኮከብ ስቆጥር።

ከዜማው ለይተው አንድ ጊዜ ቀስ ብለው ይበሉት። የሚናገረው ቤት የሌለው ሰው ነው። ቤቱ ቀርቶ አጥሩም የለውም። በእኛ ሀገር ውርጭ ደጅ ማደር ምን ማለት እንደሆነ ለደብረ ብርሃን ሰው አልነግርም። ይህ ሰው ግን ብርዱን አልጠቀሰም፤ ኮከብ ነው የሚቆጥረው። ያን ያህል ችግርና ያን ያህል ያማረ ሌሊት አምስት አምስት ቀለም እየሆነ በሁለት ስንኝ ገብቷል። የምትዘፍነው ደግሞ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ናት፤ እየሳቀች፣ ሳንቲሟን እየጠበቀች። «ይህ ለልጅ ይከብዳል» ብሎ የከለከላት ሰው አላየሁም።

ቡሄንም ይውሰዱ። ነሐሴ 13 ሲቃረብ ወንዶቹ ዱላቸውን እያስመቱ ከሚሉት ውስጥ «እዚያ ማዶ ጭስ ይጨሳል፣ አጋፋሪ ይደግሳል» የሚለው አለ። ቀጥሎ «ያቺን ድግስ ውጬ ውጬ፣ ከድንክ አልጋ ተገልብጬ» ይመጣል። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በዚህ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ከአልጋ የወደቀ ሰው ሁልጊዜ ያስቃልና። ሃያ ዓመት ሲሞላው ድግሱን ማዶ ሆኖ በጭሱ ብቻ የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ይገባዋል። አንዱን ግጥም ሁለት ጊዜ ወረሰው ማለት ነው። ልጅ ሳለ አፉ ላይ ባይቀመጥለት ኖሮ ግን ሁለተኛውን ውርስ የሚያሳርፍበት ቦታ ባልኖረውም ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ከተማችን የመጡ ልጆች በተቀላቀሉበት ክፍል ይህንኑ የአበባ አየሽ ሆይ ስንኝ እያስባልኩ ነበር። ከቆላ የመጣ፣ ስድስት ዓመት የሚሆነው፣ ለሳምንታት ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ነበር። «የለኝም አጥር» ስንል ድንገት «የእኛ አጥር ቅንጭብ ነበር» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ደነገጥሁና ልጆቹን እያስጨበጨብሁ ወደሚቀጥለው ስንኝ ዘለልሁ። ልጁ ከዚያ በኋላ በዚያ ቀን አልተናገረም። የሚቆጨኝ መዝለሌ ነው። «ቅንጭብ ሲሰበር ወተት ይወጣዋል፣ አይደል?» ብለው ኖሮ ስለ አጥሩ፣ ስለ በሩ፣ ምናልባትም ስለ ቤቱ ይነግረኝ ነበር። ግጥሙ በሩን ከፍቶለት ነበር፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አሁን ልጅዎ ወደምታመጣው ራስና እግሩ ወደማይታወቅ ግጥም እንምጣ። «እቴሜቴ የሎሚ ሽታ» ዓይነት እንደሆነ እገምታለሁ። ፍሬ የለውም ብለዋል። ፍሬው ያለው ድምፁ ውስጥ ነው፤ እርስዎ የፈለጉት ትርጉሙ ውስጥ ስለሆነ አጡት።

የፊደላችንን ጠባይ ያስቡ። 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ዘር ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ አብዛኞቹም ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ የያዙ ድምፆች ናቸው። ልጅ ማንበብ ከመጀመሯ በፊት ጆሮዋ «ማታ» የሚለውን ቃል «ማ» እና «ታ» ብሎ መቁረጥ መቻል አለበት። ግጥማችን ቤት የሚመታው ደግሞ በትክክል በዚህ ስፍራ ነው። «ማታ» ከ«ዝምታ» ጋር ቤት የሚመታው መጨረሻቸው ያው «ታ» ስለሆነ ነው፤ «ማታ» እና «ማቱ» ቢሆን ቤቱ ይፈርሳል። እንግዲህ ልጅዎ ቀኑን ሙሉ ያንን ግጥም ስትደጋግም ራብዕን ከካዕብ እየለየች ነው፤ ገና የፊደል ገበታ ሳታይ። አባቶቻችን ፊደል በዜማ ሲያስቆጥሩ ጆሮ ከዓይን እንደሚቀድም ገብቷቸው ነበር።

በሌላ ቋንቋም ተፈትሿል። ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች ማንበብ ያልጀመሩ 400 ያህል የ4ና የ5 ዓመት ልጆችን «ከእነዚህ ቃላት በድምፁ የማይመሳሰለው የትኛው ነው?» እያሉ ጠየቁ፤ ከዚያም ለዓመታት ተከታተሏቸው። በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት የድምፅ መመሳሰልን ቀድመው የሰሙት ልጆች በኋላ በንባብና በቃላት አጻጻፍ የተሻሉ ሆነው መገኘታቸውን ያሳያል። የሠሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጨዋታው ግን በአማርኛ ይበልጥ ይቀናል። ከበሬሳ ድልድይ ወደ ገበያ ስትሄዱ «ማታ፣ ቦታ፣ በሬ፣ ጌታ፤ የቱ ነው ባዳው?» ይበሏት። ተራው የእሷ ሲሆን ከባድ ነገር ታመጣብዎታለች፤ ይሸነፉላት።

ለምላስ ማፍታቻም ሰፈራችን ራሱ ይበቃል፤ ጎረቤታችን ጫጫ የምትባል ከተማ አለች። እኔ ልጆቹን «የጫጫ ቃጫ ጫጫ ቀረ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ሳይሳሳቱ በፍጥነት እንዲሉ አደርጋለሁ። እስካሁን ከእነሱ ጋር ተወዳድሬ ያሸነፍሁት ሁለቴ ብቻ ነው።

የዓለምን ሥርዓት የሚገለብጡ ግጥሞችም አሉ። በሩሲያ ለልጆች ግጥም ይጽፍ የነበረው ኮርኔይ ቹኮቭስኪ ያስተዋለው ነገር አለ፦ ፈረስ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ሰው ሲጎትተው በሚል ግጥም ልጅ የሚስቀው ትክክለኛውን ሥርዓት አጥብቆ ስላወቀ ነው። ያላወቀው ነገር ቢገለበጥ አያስቀውም። ሳቁ «እኔን አታታልሉኝም» የማለት ኩራት አለበት። ለዚህ ብዬ ከመንዝና ከጓሳ ልጆች ጋር ስሠራ የገጠምኋት አራት ስንኝ ናት፦

ጭላዳ ባና ለበሰ፣
ገደል ወጥቶ ገሰገሰ፤
በጉ አይቶት አለቀሰ፣
«የእኔ ጠጉር የት ደረሰ!»

መንዝ ያለ ልጅ ጭላዳ ዝንጀሮ ባና እንደማይለብስ፣ ባና ከበግ ጠጉር እንደሚሠራ፣ ጭላዳ ገደል አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው እንደሚወጣ ያውቃል። ስለዚህ ይስቃል። ይህንኑ አዲስ አበባ ለሚኖሩ ዘመዶቼ ልጆች ብላቸው ፈገግ ብለው አለፉ። በጉ ያለቀሰው ተቀምቶ ነው ወይስ ጠጉሩ እዚህ መድረሱ አስደስቶት ነው የሚለውን አንዳንድ ልጅ ራሱ ያነሣዋል። እኔ አልመልስም። አንዲት ልጅ «ሁለቱንም» ብላኛለች።

ልጅዎ በቅርቡ የራሷን መግጠም ትጀምራለች፤ ምናልባትም ጀምራ አላስተዋሉ ይሆናል። አንድ የክረምት ቀን፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ መውረድ ሲጀምር፣ በመስኮት ታይ የነበረች የአምስት ዓመት ልጅ ለማንም ሳትል እንዲህ አለች፦

ድመቷ ወተት ጠጣች፣
ዝናቧም ቶሎ መጣች።

አብራኝ የነበረችው መምህርት በቅንነት «ዝናብ መጣ ነው የሚባለው፣ መጣች አይባልም» አለቻት። ልጅቷ «ድመቷ ወተት ጠጣች፣ ዝናብ መጣ» ብላ ሞከረችና ፊቷ ተጨማደደ። ግጥሙ ሞቶባታል። ልብ ይበሉ፣ ይህች ልጅ «መጣ» እና «መጣች» አልተምታታባትም፤ በሌላ ጊዜ ሁሉ በትክክል ነው የምትናገረው። ቤት ለመምታት ብላ ነው ዝናብን ሴት ያደረገችው። ትልልቅ ገጣሚዎች ሲያደርጉት ስሙ ሌላ ነው። በዚያ ዕድሜ የሰዋስው እርማት ሊቆይ ይችላል፤ ይልቁን «ድጋሚ በይልኝ፣ ልጻፈው» ማለት ነበረብን። ጻፍሁት፤ እነሆ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ።

ወደ እረኛው እንመለስ።

ልጅዎ «እረኛው የት ቀረ?» ማለቷ እርስዎን አስፈርቶዎታል። እኔ ጥያቄዋን ሳነብ ያልሁት «ግጥሙ ገብቷታል» ነው። ሁለቱ ስንኞች የተሠሩት በአንድ ባዶ ስፍራ ዙሪያ ነው፤ ከብቱ ገባ፣ በጉ ገባ፣ አንድ የጎደለ አለ። አምስት ዓመቷ ሆኖ ጣቷን የጣለችው ያው ጎደሎ ላይ ነው። ድሮ መኳንንቱ ሕዝቡ ምን እንደሚያስብ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል፤ የእርስዎ ልጅ ደግሞ ስለ እረኛው ስለ ራሱ እየጠየቀች ነው።

መልስዎ አጭርና ግልጽ ይሁን። «እረኛው አያትሽ ናቸው። አያትሽ ሞተዋል። የሞተ ሰው ተመልሶ አይመጣም። እማማ ስለናፈቋቸው ነው እንዲህ የሚሉት።» ከዚህ በላይ አያስፈልግም። «ተኝተዋል» አይበሏት፤ መኝታ የምትፈራ ልጅ ያተርፋሉ። «ሩቅ ሀገር ሄደዋል»ም አይበሏት፤ በር በር እያየች ትጠብቃለች፣ ያልተሰናበቷትም ስላልወደዷት ይመስላታል። በሃይማኖትዎ የሚሉት ካለ ይበሉ፤ ብቻ ከግልጹ ቃል በኋላ ይሁን እንጂ በእሱ ፈንታ አይሁን። ሞት የማይመለስ መሆኑ ለልጅ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚገባው፤ ለብዙዎቹ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ይጠራል። ስለዚህ ነገም ትጠይቅዎታለች፣ ከነገ ወዲያም። በተመሳሳይ ቃል ይመልሱላት። «አንቺስ ትሞቻለሽ?» ካለች አይደንግጡ፤ ሰው ሁሉ አንድ ቀን እንደሚሞት፣ እርስዎ ግን እሷ እስክታድግ አብረዋት ለመኖር እንደሚያስቡ ይንገሯት።

አንድ ነገር ግን ሳይረሳ። ልጅዎ የከተማ ልጅ ናት። ከብት ማታ ሲገባ አይታ ታውቃለች? ጥጃው ከውስጥ እናቱን ሲጣራ፣ አቧራው ፀሐይ ላይ ሲያበራ፣ በጎቹ በረት አፍ ላይ ሲጋፉ፣ ከሁሉ ኋላ እረኛው ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ባናውን ደርቦ ሲመጣ? ይህንን ያላየች ልጅ ከግጥሙ የሚጎድላት የሞት ማብራሪያ አይደለም፤ የመንዝ ማታ ነው። እሱን መስጠት የሚችሉት እናትዎ ብቻ ናቸው። ይጠይቋቸውና ለልጅዎ ይንገሯት፤ በሬዎቹ ስማቸው ማን ነበር፣ መጀመሪያ የምትገባው ላም የትኛዋ ነበረች፣ አያትዋ ሲደርሱ ምን ብለው ይጣሩ ነበር። ያን ጊዜ «ከብቱ ተመለሰ» የሚለው ቃል ለልጅዎ ሽታና ድምፅ ይኖረዋል። ሐዘኑም የሚያስፈራ ጨለማ መሆኑ ቀርቶ አንድ የምታውቀው ሰው የጎደለበት ማታ ይሆናል።

እናትዎ ሲያንጎራጉሩ እንባ ቢመጣባቸው ልጅቷን ከአጠገባቸው አያስነሡ። አዋቂ አልቅሶ፣ ፊቱን ጠርጎ፣ ቡናውን ሲቀዳ ያየች ልጅ ማልቀስ ማለቂያ እንዳለው ታውቃለች። ልጅዎ ግን ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ መጫወት ካቆመች፣ ወይም ምግብ እምቢ ካለች ጉዳዩ ከግጥም ያለፈ ነውና ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዷት።

ሁሉም ግጥም ለሁሉም ልጅ ነው እያልሁ ግን አይደለም። ሁለት ዓይነት አልወድም። አንደኛው ከድሮ የወረስናቸው አንካሳን፣ ዓይነ ስውርን፣ የሰውን መልክና ዘር እያነሡ የሚያስቁ ግጥሞች ናቸው። «ጨዋታ ነው» ይባላል፤ ክፍል ውስጥ አንድ የሚያነክስ ልጅ ሲኖር ጨዋታው ለማን እንደሆነ ይታያል። እነዚህን እኔ ከአፌ አውጥቼ ጥያቸዋለሁ፣ ቅርስ ናቸው ቢባልም። ሁለተኛው ፉከራ ነው። ሰርግ ላይ አጎቱ ሲፎክር የሰማ ልጅ ቤት መጥቶ ዱላ ይዞ ቢዘል አልቆጣም። ነገር ግን የተኩስ ድምፅ በሰሙ ልጆች መካከል ስለ ገዳይና ስለ ሟች የሚያወሳ ፉከራ ቆሜ አላስተምርም። ያድጉና ይድረሱበት።

አቀራረቡን በተመለከተ ከሁሉ የምጠላው አንድ ጥያቄ አለ፦ «ከዚህ ግጥም ምን ተማርን?» ይህ ጥያቄ በመማሪያ መጻሕፍታችን ግርጌ ተተክሎ ስንቱን ግጥም እንዳደረቀው እግዚአብሔር ይወቀው። ልጅ ከረሜላ አፏ ውስጥ እያለ «ስኳሩ ስንት ነው?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ግጥም ከተባለ በኋላ ዝም ይበሉ። ልጅዎ ትጠይቅዎት፤ ካልጠየቀች ደግመው ይበሉት። «ድገሚልኝ» ካለች ምርመራው አልቋል፣ አልፋለች።

ልጅን መድረክ ላይ ማውጣትም እንዲሁ። በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ፣ እኔው ራሴ፣ ሃያ ስንኝ የአገር ፍቅር ግጥም አስሸምድጄ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ማጉያ ፊት አቆምሁ። ስድስተኛው ስንኝ ላይ ጠፋበት። ድምፅ ማጉያው ትንፋሹን እያጎላ ያሰማል፤ ሰው «አይዞህ!» እያለ ያጨበጭባል፤ ልጁ ሱሪው ላይ ሸና። ያንን ግጥም ወዶት ነበር፣ ሲለማመድ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሲነሣበት ጆሮውን ይይዝ ነበር። ትንሽ ልጅ ግጥም የምትለው ከሰው ጋር እንጂ ለሰው ፊት መሆን የለበትም። አውጪና ተቀባይ ያለው ባህላችን ለዚህ የተመቸ ነው፤ ማንም ብቻውን አይቆምም፣ አንዱ ቢጠፋበት ሌላው ይቀበለዋል።

ስለዚህ መጽሐፍ ባይኖርዎትም አይጨነቁ። በቃልዎ ሁለት ስንኝ ይያዙ። ሹሩባ ሲሠሯት፣ ማታ እሳት ዳር ስትሞቁ፣ ሚኒባስ ስትጠብቁ ይበሉት። የጨዋታውን ግጥም ፈጠን አድርገው በጭብጨባ፣ የቁም ነገሩን ከወትሮው ንግግርዎ በጥቂት ዝግ አድርገው፤ የቀብር ድምፅ ግን አያውጡ። ሦስት ቀን ከተባለ በኋላ የመጨረሻውን ቃል ይተዉላት፤ «ድመቷ ወተት...» ብለው ይቁሙ። ቤቱን እሷ ትምታው። የተሳሳተ ቃል ካስገባችና ቤት ከመታ የእሷ ይጽደቅ።

ዕድሜ ጠይቀውኛል፤ በዓመት ለመከፋፈል ብዙም አልጓጓም። እስከ ሦስት ዓመት እሽሩሩውና ጉልበት ላይ እያዘለሉ የሚባለው ይበዛል። ከዚያ ወዲህ ድግግሞሽና የተገላቢጦሽ ነገር ይጥማቸዋል። አምስት ሲሞላ እንቆቅልሽ ይጀምሩ፤ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ብለው ልጅዎን ወንዝ ዳር ይጠይቋት። ካላወቀች ሀገር ትስጥዎት፤ የልጆች እንቆቅልሽ ግማሹ ደስታ «ሀገር ስጪኝ» ላይ ነውና። ቁም ነገሩ ግን ዕድሜ አይጠብቅም። እርስዎ ሊቋቋሙት የሚችሉትን ያህል ልጅዎም አጠገብዎ ሆና ትቋቋመዋለች።

ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላት ተረት ያለባቸውን ረጃጅም ግጥሞች ትችላለች። ለዚህ የከበደ ሚካኤልን የሚያህል አላገኘሁም፤ የእኛው የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው፣ እንስሳትንና ተራ ሰዎችን በግጥም እያናገሩ ስንቱን ትውልድ አስተምረዋል። የሞላ ወንዝ እንዲጎድልለት ዳር ተቀምጦ በማሲንቆ የሚያወድሰውን አዝማሪ ለልጆች ያነበብሁላቸው ጊዜ ብዙ ነው። ልጆቹ በክረምት ጎርፍ አይተው ያውቃሉ፤ ወንዝ ሰምቶ እንደማይቆም ያውቃሉ፤ በአዝማሪው ይስቃሉ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ አለቃው ፊት ቆሞ ሲያወድስ ድንገት ያ ወንዝ ትዝ ይለው ይሆናል። ያ የእሱ ጉዳይ ነው፤ እኔ በሰባት ዓመቱ አላስረዳውም።

የመጨረሻው ነገር፣ ያልጠየቁኝ ቢሆንም። የእናትዎን ግጥም በስልክዎ ይቅዱ። ያ ሁለት ስንኝ የራሳቸው ነው ወይስ ከአልቃሽ የሰሙት? ለአባትዎ የወረደ ሌላ ሙሾስ ነበር? እርስዎንስ ሲያዝሉ ምን ይሉ ነበር? ብዙዎቻችን ይህንን የምንጠይቀው የሚመልሰው ሰው ካለፈ በኋላ ነው። ሲጠይቋቸው መጀመሪያ «ምን ይሠራልሻል?» ይሉዎታል፤ ትንሽ ይጠብቁ። ልጅዎንም ወደ ሌላ ክፍል አይላኳት፤ ቡናው እስኪቆላ ቄጤማውን ትጎዝጉዝ፣ ጆሮዋ እዚያው ነው።